ሁሌ ከዜሮ አንጀምር

ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ጌራ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ያሉ ጤና ጣቢያዎች፣ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሥራቸው ቀስ በቀስ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ነው። ይህን ሥራ የሚሸከመው ሶፍትዌር በምን መንገድ ቢሠራ ነው ድካሙ የሚቀንሰው? ሌሎች የጻፉትን ኮድ ደጋግሞ በመጠቀም ነው ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ በመጻፍ? ከዚህ በታች ያሉት ሁለት ተናጋሪዎች የክርክሩን ሁለት ወገኖች እንዲይዙ የቀረቡ ናቸው። አንዱ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሌላዋ ለቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሶፍትዌር የምትሠራ ፕሮግራመር ናት።

ፕሮግራመሯ፦ መምህር፣ እርስዎ «ያለውን ተጠቀሙ» እያሉ ነው የሚያስተምሩት። የኦብጀክት ኦሪየንትድ አሠራር ትልቁ ተስፋም ይኸው ነበር። አንዴ በደንብ የተጻፈ ክላስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል፣ ለብዙ ሥራ ይውላል፣ ፕሮግራመሩም በአጭር ጊዜ ብዙ ይሠራል ተባለ። ሥራው ላይ ያሉት ግን ይጠራጠራሉ። የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ መረዳት ራስን ችሎ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል ይላሉ። ይህ ተስፋ በማስረጃ የቆመ ነው ወይስ የመማሪያ መጽሐፍ ወግ?

መምህሩ፦ ማስረጃ አለው። ማስረጃው የሚደግፈው ግን ከተስፋው ጠበብ ያለ ነገር ነው። ቪክተር ባሲሊ፣ ሊዮኔል ብሪያንና ዋልሴሊዮ ሜሎ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተሙ። የተማሪ ቡድኖች አንድ ዓይነት የመረጃ ሥርዓት በሲ ፕላስ ፕላስ ሠሩ፤ ስምንት ሥርዓቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ሥርዓት ክፍሎች በአራት መደቧቸው፤ ሳይነካ የተወሰደ፣ በጥቂቱ የተለወጠ፣ በብዙ የተለወጠና አዲስ የተጻፈ። ያለውን ኮድ በብዛት የተጠቀሙት ቡድኖች ምርታማነታቸው ከፍ ብሎ፣ ስህተታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለእኔ ትልቁ ግኝት ግን በምድቦቹ መካከል የታየው ልዩነት ነው። ሳይነካ በተወሰደው ኮድ ላይ የተገኘው ስህተት እጅግ ጥቂት ነበር፤ በብዙ የተለወጠው ግን ከአዲሱ ብዙም አልራቀም። ሪቻርድ ሰልቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት ደግሞ በናሳ የተሠሩ 25 ሥርዓቶችን መርምሮ ከዚህ የባሰ ነገር አሳየ። በብዙ ተለውጠው የተወሰዱት ክፍሎች ስህተታቸውን ለማረም የጠየቁት ድካም ከሁሉም በላይ ነበር። ስለዚህ የእኔ አቋም «ኮድ ደጋግሞ መጠቀም ጥሩ ነው» በሚለው አያበቃም። ጥቅሙ የሚገኘው የተፈተነውን ነገር እንዳለ ስንወስደው ነው። ፋይሉን ገልብጦ ውስጡን እዚህም እዚያም መነካካት በስሙ ደጋግሞ መጠቀም ይባል እንጂ በወጪው አዲስ ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይከፋል።

ፕሮግራመሯ፦ በመለኪያው ላይ ግን ጥርጣሬ አለኝ። ምርታማነት በኮድ መስመር ብዛት ከተለካ፣ አሥር ሺህ መስመር ያለው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ፣ የወሰደ ቡድን ምንም ሳይጽፍ አሥር ሺህ መስመር «አመረተ» ሊባል ነው። ታዲያ ውጤቱ ከትርጉሙ የመጣ አይሆንም?

መምህሩ፦ ነጥብሽ ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። የተወሰደው ኮድ በምርቱ መጠን ውስጥ ሲቆጠር የምርታማነቱ ቁጥር ከፊሉ ከአቆጣጠሩ ይመጣል። ለዚህ ነው እኔ ከመጠኑ ይልቅ ስህተቱንና እርማቱን የማየው። የስህተት ብዛትና ለእርማት የዋለ ሰዓት በትርጉም የሚያንሱ ነገሮች አይደሉም፤ ተቆጥረው የሚገኙ ናቸው። ፕሮግራመር ጊዜውን የሚያጠፋው በቁልፍ መምታት ይመስለዋል፤ ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ግን ያልሠራው ለምን እንዳልሠራ መፈለግ ነው። የተፈተነ ክላስ የሚሰጥሽ ትርፍ ሌላ ሰው አስቀድሞ ያገኘውና ያረመው ስህተት ነው። ገንዘቡን ማስላት ከፈለግሽ ጄፍሪ ፑሊን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው የመለኪያ መጽሐፍ ያቀረበው ግምት አለ። አንድን ክፍል ሌሎች እንዲጠቀሙበት አድርጎ መጻፍ ለራስ ብቻ ከመጻፍ አንድ ተኩል እጥፍ ያስወጣል፤ ያንን ወስዶ መጠቀም ደግሞ ከባዶ መጻፍ የሚጠይቀውን 20 በመቶ ያህል። ለራስ ብቻ ሲጻፍ 100 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አምስት የቡና ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቢያስፈልጋቸውና እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢጽፉት 500 ሰዓት ይሄዳል። አንዱ በ150 ሰዓት ጽፎ አራቱ በሃያ ሃያ ሰዓት ቢወስዱት ድምሩ 230 ነው። የሌላን ኮድ ማንበብ ይከብዳል ላልሽውም መልሱ በሃያዎቹ ሰዓት ውስጥ አለ። መማሪያው ጊዜ ተቆጥሯል፤ ዜሮ ነው ያለ የለም።

ፕሮግራመሯ፦ ሜሪላንድና ናሳ ግን ከእኛ ሩቅ ናቸው። የእኛ ችግር አካባቢያዊ ነው። ሌላው ዓለም የማያውቀው ዘመን አቆጣጠር አለን፤ ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሰዓታችን ከንጋት ይቆጠራል። የውጭ ላይብረሪ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

መምህሩ፦ የጅማ ዞን ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚያደርጉበትን ሥርዓት እንይ። ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል፤ በጃቫ የተጻፈና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል። የሶፍትዌሩን ሥራ የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግም የተወለደው እዚያው ኦስሎ ነው፤ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስቴን ኒጎር ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋቸው ክላስንና ውርስን፣ ማለትም ኢንሄሪታንስን፣ ለዓለም ያስተዋወቁት በኖርዌይ የኮምፒውተር ማእከል ሆነው ነበር። ኒጎር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሠርቷል፤ ሥርዓቱን የሚጠቀምበት ሠራተኛ ዲዛይኑ ላይ ድምፅ ይኑረው የሚል ወግ ከዚያ በረታ። ዲኤችአይኤስን የወለደው ፕሮጀክትም ያንን ወግ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ አፍሪካ ጀመረ። አሁን የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ተመልከቺ። በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚወክለው ክላስ አጭር ነው። ስሌቱን ራሱ አይሠራም፤ ጆዳ ታይም ከሚባል የታወቀ የጃቫ ላይብረሪ ይወስደዋል። ጆዳ ታይም ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያና የግብፅ ኮፕቶች አቆጣጠር አንድ ወላጅ ክላስ ይጋራሉ። ሁለቱም 12 ወራት በ30 ቀን፣ ከዚያም አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት 13ኛ ወር ስላላቸው በመካከላቸው ያለው ዋና ልዩነት ዓመት መቁጠር የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። «የማያውቁን» ያልሻቸው ሰዎች ጳጉሜን ያውቋታል።

ፕሮግራመሯ፦ ይህን ስሌት ግን ማንም ጎበዝ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይጽፈዋል።

መምህሩ፦ ይጽፈዋል፤ ሦስት ዓመትም ያለ እንከን ይሠራለታል። በአራተኛው ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን ግን ችግሩ ይመጣል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል ብሎ የጻፈ ፕሮግራም መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ላይ ተሳስቷል፤ ያ ቀን ሴፕቴምበር 12 ነበር። ያ ስህተት የክትባት ቀጠሮ ላይ ቢወድቅ በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ቢወድቅ ቁጥሩ ወደ ሌላ ሩብ ዓመት ሊሻገር ይችላል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው የተባለው ነገር ስህተቱ እስኪታይ አራት ዓመት ሲጠብቅ ዋጋው የሚከፈለው ጸሐፊው ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ፕሮግራመሯ፦ እሺ፣ ዘመን አቆጣጠር ቋሚ ነገር ነው፤ ሕጉ አይለወጥም። የእኛ ሥራ ግን እንዲህ ንጹሕ አይደለም። ገበሬ አለ፣ ቡና አቅራቢ አለ፣ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ቀይ እሸት የሚመዝን ሠራተኛ አለ፣ የማኅበሩ አመራር አለ። በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት «ሰው» የሚል ወላጅ ክላስ አበጅተን ሌሎቹን ከእሱ እናወርሳለን። ሥራ ሲጀመር ግን አንዱ ገበሬ በምርት ወቅት መዛኝ ሆኖ ደመወዝ ይበላል፣ በዚያው ዓመት አመራር ሆኖ ይመረጣል። ውርሱ ይፈርሳል።

መምህሩ፦ ይፈርሳል፤ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ላይ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ብዙዎቹ ተስፋ የቆረጡት እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ደጋግሞ መጠቀምን ከውርስ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የዲዛይን ፓተርን መጽሐፍ ከዋና ምክሮቹ አንዱ ከውርስ ይልቅ ኦብጀክቶችን ማቀናጀት፣ ማለትም ኮምፖዚሽን፣ ይቅደም የሚል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውርስ ልጁን በወላጁ ውስጣዊ አሠራር ያስረዋል፤ ወላጁ ሲነካ ልጁ ይናወጣል። ስለዚህ «ሰው» አንድ ክላስ ይሁን፤ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ስልኩን ብቻ ይያዝ። አባልነት፣ መዛኝነት፣ አመራርነት ለየብቻቸው የሚጨመሩና የሚነሡ ድርሻዎች ይሁኑ፤ እያንዳንዱም የጀመረበትና ያበቃበት ቀን ይኑረው። ያኔ ሰውየው ሦስቱንም ቢሆን «ሰው» የሚለውን ክላስ ማንም አይነካውም፤ ሌላ ዩኒየንም እንዳለ ሊወስደው ይችላል። ውርስ ቦታው የት እንደሆነ ዲኤችአይኤስ ራሱ ያሳያል። የኢትዮጵያና የኮፕት አቆጣጠር ከአንድ ወላጅ ሲወርሱ የኔፓል አቆጣጠር ግን በዚያ መንገድ አልተሠራም። የኔፓል ወራት ርዝመት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በሰንጠረዥ ነው የተያዘው። ተመሳሳዩን አወረሱ፣ የማይመስለውን በግድ አላወረሱም።

ፕሮግራመሯ፦ አንድ ከባድ ነገር ግን ይቀራል። እርስዎ «ሳይነኩ ውሰዱ» ይላሉ። አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከተተኮሰች ከ40 ሰኮንድ ገደማ በኋላ የፈነዳችው ግን ሳይነካ በተወሰደ ኮድ ነው። ከአሪያን 4 የመጣው የአቅጣጫ መለኪያ ሶፍትዌር ባለ 64 ቢት ቁጥርን ወደ 16 ቢት ሲቀይር ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ መጠባበቂያው ኮምፒውተርም ያንኑ ኮድ ስለያዘ አብሮ ወደቀ።

መምህሩ፦ የአቋሜ ደካማ ጎን ይኸው ነው፤ ስለዚህ ላርመው። አሪያን 4 ላይ ያ ኮድ ትክክል ነበር፤ የአሪያን 5 አግድም ፍጥነት ግን የበለጠ ነበር። ኮዱ በውስጡ «ፍጥነቱ ከዚህ አይበልጥም» የሚል ግምት ተሸክሞ ነበር፤ ከአዲሱ ሮኬት የበረራ መንገድ ጋር ደግሞ አልተፈተነም። እንግዲህ ሳይነኩ መውሰድ ብቻውን አይበቃም። ኮዱን አትንኪው፣ ነገር ግን በራስሽ ቁጥር ፈትኚው። የእኛን ምሳሌ ውሰጂ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ የተፈጻሚነቱ ጊዜ ቢራዘምም ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የተመረተበት እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው መለካት አለበት። ለዚህ የሚሆኑ የካርታ ላይብረሪዎች ሞልተዋል፤ በደንብም የተፈተኑ ናቸው። ነገር ግን ጂኦጄሰን የተባለው የመረጃ ቅርጽ መጀመሪያ ኬንትሮስን ነው የሚጽፈው፣ ሰው ደግሞ በልማድ ኬክሮስን ያስቀድማል። ጅማ በሰሜን ኬክሮስ 7.67፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36.83 ገደማ ናት። ሁለቱን አገላብጠሽ ብታስገቢ ማሳው በሰሜን አልጄሪያ አናባ ከተማ አጠገብ ይወድቃል። ላይብረሪው አልተሳሳተም፤ ያልተፈተነው የእኛ አገባብ ነው። «የጅማ ዞን ማሳ ሁሉ በዚህ ክልል ውስጥ ይውደቅ» የምትል አንድ አጭር ፈተና ግን ወዲያው ትይዘዋለች።

ፕሮግራመሯ፦ የመጠባበቂያውን ነገር አልመለሱልኝም። ሁሉም አንድ ነገር ሲጠቀም ሁሉም አብሮ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር የጃቫስክሪፕት ኮድ ከማከማቻዋ ስትነሣ በዓለም ዙሪያ ስንት ፕሮጀክት ቆመ! እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሎግ ፎር ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ደግሞ በጃቫ የተሠሩ እጅግ ብዙ ሥርዓቶችን ለጥቃት አጋለጠ። ኔትወርክ በሚቋረጥበት አገር ከውጭ ማከማቻ ጋር መታሰር ይበልጥ ያስፈራል።

መምህሩ፦ ይህን የቡና አገር ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ሲታይ የጅማ ግብርና ምርምር ማእከል በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መርጦ አባዛ። ዛሬ 74110፣ 74112፣ 74165 እያልን የምንጠራቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጡ ናቸው። ገበሬው ከተፈተነ እናት ዛፍ ችግኝ ሲወስድ ምርጫውን ራሱ እንደገና መጀመር የለበትም። ማእከሉ ግን አንድ ዝርያ ብቻ አላወጣም፣ በርካታ አወጣ፤ ክትትሉንም አልተወም። ለኮድም እንዲሁ ነው፤ የተፈተነውን እንወስዳለን፣ ጥገኝነቱን ግን እንቆጣጠራለን። አንደኛ፣ ለ11 መስመር ሥራ ከሩቅ ጥገኛ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለውን ራስሽ ጻፊው። መውሰድ ያለብን ለመሳሳት ቀላል፣ ለመፈተን ከባድ የሆነውን ነው፤ ቀን ስሌትን፣ ምስጠራን፣ የካርታ ጂኦሜትሪን። ሁለተኛ፣ የወሰድሽውን ላይብረሪ ቅጂ በራስሽ ሰርቨር አስቀምጪ፣ የትኛውን ስሪት እንደምትጠቀሚም መዝግቢ። ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራሽ አይቆምም። ሎግ ፎር ጄ ላይ ደግሞ ሌላውንም ጎን እዪ። ቀዳዳው ሲታወቅ ማረሚያው በቀናት ውስጥ ለዓለም ሁሉ ወጣ። ያንኑ ቀዳዳ መቶ ፕሮግራመሮች ለየብቻ ጽፈውት ቢሆን ማን አግኝቶ ማን ያርመው ነበር? ማረሚያው የማይደርሳቸው ቅጂውን ነካክተው የራሳቸው ያደረጉት ናቸው፤ አዲሱን ስሪት ሲጭኑ ለውጣቸው ይጠፋል፣ ስለዚህም ሳይጭኑ ይቀራሉ።

ፕሮግራመሯ፦ አሁን ደግሞ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ክላሱን በደቂቃ ይጽፍልኛል። መጻፍ ነጻ ሲሆን መዋስ ምን ያደርጋል?

መምህሩ፦ መጻፍ ድሮም ትልቁ ወጪ አልነበረም። ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጥሽ ኮድ አዲስ የተጻፈ ኮድ ነው፤ ጳጉሜ ስድስትን አይቷት እንደሆነ አታውቂም፣ ከአራት ዓመት በኋላም የሚያርመው አንቺ ነሽ። እንዲያውም መጻፍ ሲረክስ ማንም የማይጠብቀው ኮድ ይበዛል፤ የተፈተነና ባለቤት ያለው ላይብረሪ ዋጋው የሚጨምረው ያኔ ነው። ማሽኑን ተጠቀሚበት፣ ግን ፈተናውን እንዲጽፍልሽ፣ የላይብረሪውን መመሪያ እንዲያስረዳሽ አድርጊው።

ፕሮግራመሯ፦ ተማሪስ? እናንተ ከባዶ እንዲጽፍ ካላደረጋችሁት እንዴት ይማራል?

መምህሩ፦ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ ይጻፍ፤ የቀን ስሌቱንም ራሱ ይሞክር፣ ይሳሳት። የመመረቂያ ሥራው ግን ሌላ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ የማስተማር ወግ አለው፤ ከተመሠረተበት ከ1992 ዓ.ም. በፊት የነበረው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም በዚሁ ይታወቅ ነበር። ይህ ወግ ለሶፍትዌር ትምህርትም ይሠራል። ተማሪው አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ሄዶ ማኅበሩ የሚቸገርበትን ሲያይ፣ ተመልሶ ማንም የማይረከበው አዲስ የምዝገባ ሥርዓት ይሥራ ወይስ ያለው እንዲሻሻል ያድርግ?

ፕሮግራመሯ፦ ያለው እንዲሻሻል ጠባቂ ያስፈልገዋል። አሥር ዩኒየኖች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ የማንም ካልሆነ በሁለት ዓመት ይሞታል። እኔን የሚያሰጋኝ ከቴክኒኩ ይልቅ ይኸው ነው።

መምህሩ፦ እኔንም። ከላይ ያሰላነው 150 ሰዓት የመጻፊያ እንጂ የመጠበቂያ ጊዜ የለበትም። ለዚህ ነው ዩኒየኖቹ ለሶፍትዌር ከሚያወጡት ጥቂቱን አዋጥተው ለአንድ ጠባቂ ደመወዝ ይክፈሉ የምለው፤ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውቲንግ ክፍልም ኮዱን ይያዝ። ጅምሩ ትንሽ ይሁን፤ ዘመን አቆጣጠር፣ ስም፣ ስልክ፣ ማሳ። ከእነዚህ መካከል የዘመን አቆጣጠሩ ተጽፎ አልቋል፤ የማሳው ጂኦሜትሪም እንዲሁ። የቀረው በእኛ ቁጥር መፈተንና በእኛ ቋንቋ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የመመረቂያ ርዕስ ለምትመርጡ፣ በተለይ በጅማና በዙሪያዋ ላላችሁ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። አዲስ ሥርዓት ከመጀመራችሁ በፊት ከእነዚህ ላይብረሪዎች አንዱን ሳትነኩ ውሰዱ፤ በጳጉሜ ስድስትና በሊሙ ማሳዎች ፈትኑት፤ መመሪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉለት፤ ያገኛችሁትንም ስህተት ለጸሐፊዎቹ ላኩ።